ቦክሰኛ ተመልሶበት የማያውቅ ሰው

ስለ ወንድሟ ክፉ የሚናገር ሰው በሰፈሩ አልነበረም፤ ልብስ ሰፊዋን ኋላ ላይ ያጠራጠራትም ይኸው ነው። ዕድሜውን ሙሉ ጎረምሶችን ሲያደባድብ የኖረ ሰው አንድ ቂመኛ፣ አንድ ከሳሽ፣ ሲያየው መንገድ የሚቀይር አንድ የቀድሞ ወዳጅ እንኳ እንዴት ያጣል? ጸጉር አስተካካዩ ስሙ ሲነሣ መቀሱን አቁሞ ያመሰግነዋል። ባለሱቁ፣ «ለሚያሠለጥናቸው ልጆች ሲል ትዳር እንኳ አልያዘም እኮ» ይላል። ቀሚስ ሊያስጠብቡ የሚመጡ ሴቶች፣ «ታድለሽ፣ እንዲህ ያለ ወንድም ሰጥቶሽ» ይሏታል። እሷም ለብዙ ዘመን አፏን ሞልታ «እውነት ነው» ስትል ኖራለች። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ግን ስፒሎቿን በከንፈሯ ይዛ «እህም» ማለትን ለመደች፤ አፉ ስፒል የያዘ ሰው እንዲያብራራ አይጠየቅም።

ወንድሟ የሚጠራው አይመለሴ በሚለው ቅጽል ነው። ቅጽሉን ያወጣለት ሥራው ነበር። ከእያንዳንዱ ግጥሚያ በፊት ተጋጣሚዎች ሐኪም ፊት ይቆማሉ፤ ልባቸው፣ እጃቸው፣ ዓይናቸው ይታያል። ሐኪሙ ያላሳለፈው ቦክሰኛ «ተመለሰ» ይባላል፤ በሙያው ውስጥ ከዚህ የከፋ ቃል የለም። የተሸነፈ ቦክሰኛ ዳኛውን ይረግማል፣ ያበጠ ፊቱን ያሳያል፣ ሻይ ይጋበዛል። የተመለሰው ግን የሚያሳየው ቁስል የለውምና ሻንጣውን አንግቶ በጓሮ በር ይወጣል። አይመለሴ ማናጀር ከሆነ ጀምሮ አንድም ልጅ አልተመለሰበትም። «የኔ ልጅ አይመለስም» ይላል፤ ሲል ሲል አባባሉ መጠሪያው ሆነ።

እሱ ራሱ ግን ተመልሷል። ይህን ከሁሉ አብልጣ የምታውቀው ታላቅ እህቱ ናት፤ በደም የጨቀየ ካናቴራውን በቀዝቃዛ ውኃ ስታጥብለት የኖረች እሷ ነበረችና። ለመጀመሪያው ትልቅ ግጥሚያው በቀረበ ጊዜ ሐኪሙ ደረቱን አዳመጠ፣ ደግሞ አዳመጠ፣ ማዳመጫውን ከጆሮው አወረደና፣ «ልብህ ምት ይስታል፤ አንተ ተመለስ» አለው። ወንድሟ ቤት መጥቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ፤ ስትጠራውም ምግብ ስታቀርብለትም አልዞረም። በተነሣ ጊዜ ሌላ ሰው ሆኖ ነበር የተነሣው፦ ጨዋ፣ ታጋሽ፣ ለሌሎች የሚኖር። ሰፈሩ ሁሉ ያንን ለውጥ እንደ በጎ ነገር ቆጠረው። ማንም ልብ ያላለው አንድ ነገር ነበር። በቦክሱ ካለፉት የሰፈሩ ጎረምሶች ሁሉ በሁለት ጆሮው የሚሰማ፣ እጁ ሳይንቀጠቀጥ ብርጭቆ የሚያነሣ፣ የቀትር ፀሐይ ራሱን የማያዞረው እሱ ብቻ ነው። በሐኪም ቃል የተረፈ ሰው፣ ሌላውን ከሐኪም ቃል ለማስመለጥ ዕድሜውን ሰጠ።

ቀን ቀን በአውቶቡስ ድርጅት የመለዋወጫ ዕቃ ግምጃ ቤት ይሠራል። ማታ ግን አሮጌ ጋራዥ ውስጥ ነው፤ ሞተር ማንሻ በነበረው መንጠቆ ላይ የአሸዋ ከረጢቱን ሰቅሎ፣ የዘይት ጠረን ከሲሚንቶው አልለቅ ባለበት ወለል ላይ ምንጣፍ አንጥፎ፣ ለተከታታይ ትውልድ «ግራህን ከፍ አርግ» ሲል ኖሯል። ጥርሱ ለተሰበረ የጥርስ ሐኪም ቤት ደጃፍ ተሰልፎለታል። አባቱ ለሞተበት ሬሳ ተሸክሞለታል። ሥራ ላጣ ሥራ ለምኖለታል። ደሞዙ በጓንትና በፋሻ ሲያልቅ የሚለብሰው ሱሪ ጉልበቱ ላይ ሁለቴ ተጠግኗል፤ የጠገነችው እህቱ ናት። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ክሱን ከባድ የሚያደርገውም እውነትነቱ ነው። ሌባ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለ።

እሷም አንድ ልጇን ይዛ ሄዳ፣ «ጋሼ እንደ አባትህ ነው» ብላ ያስረከበችው በዚህ እምነት ነበር። ባሏ ቀደም ብሎ ሞቶባታል። ልጁ አደገ፣ ትከሻው ሰፋ፣ አሸነፈ፣ ደግሞ አሸነፈ። አሁን ሃያዎቹን ጀምሯል፤ የከተማው ሻምፒዮና ፍጻሜ ደርሷል፤ ሰፈሩም ቀኑን እየጠበቀ ነው።

ጥርጣሬዋ የጀመረው በመርፌ ነው።

ዓይኗ ከደከመ ወዲህ ክር የሚከትላት ልጇ ነበር። መርፌውን ብርሃን ላይ ከፍ አድርጎ በአንድ ሙከራ ይከትና፣ «ዓይን ማለት ይኼ ነው እማዬ፤ ያንቺስ ጡረታ ይውጣ» እያለ ይቀልድባታል። አንድ ምሽት፣ እራት ሳይቀርብ፣ ለራሱ የፍጻሜ ግጥሚያ የምትሰፋው ቁምጣ በጭኗ ላይ እንዳለ መርፌና ክር ዘረጋችለት። ክሩ በመርፌው ጎን አለፈ። እንደገና በጎኑ አለፈ። ልጁ ክሩን በምራቁ አርጥቦ፣ ጥሬ እንዳየች ዶሮ አንገቱን ወደ አንድ ወገን አዘንብሎ፣ በብዙ ትግል ከተተው።

«ክርሽ ነው» አላት መርፌውን እየመለሰላት። «ርካሽ ክር እየገዛሽ።»

ክሩ ባለፈው ሳምንት የከተተላት ያው ክር ነበር።  ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጇን እንደ ባዕድ ሰው ታጠናው ጀመር። ከጓዳ ሲወጣ ግራ ትከሻው የበሩን መቃን እንደሚመታ አየች። ውኃ ሲቀዳ የማሰሮውን አፍ ብርጭቆው ጠርዝ ላይ እንደሚያስደግፍ አየች። ከግራው ስትመጣበት እንደሚደነግጥ፣ ደንግጦም እንደሚስቅ አየች። «ምነው?» ስትለው፣ «ምን ምነው?» ይላታል፤ ልጅ ከእናቱ የሚደብቀው ነገር ሲኖር ጥያቄዋን መልሶ ያቀብላታል።

ቁምጣውን ለመለካት ወደ ጋራዡ የሄደች ቀን ሰያፉ በሩ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሰያፉ በወጣትነቱ የአይመለሴ ዋና ቦክሰኛ የነበረ ሰው ነው፤ አሁን በር ይጠብቃል። ሰያፉ የተባለው ሰላምታ ሲሰጥ ሁልጊዜ ሰያፍ ስለሚቆም ነው። ሰዎች የቦክሰኛ አቋቋም አልተወውም እያሉ ይስቁበታል፤ እሷም ስትስቅ ኖራለች። በዚያ ቀን ግን ሆን ብላ በግራው በኩል ቀርባ ቆመች። ሰውየው መንገዱን መመልከቱን ቀጠለ። ጉሮሮዋን ስትጠርግ ከወንበሩ ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

«ኧረ እትዬ! በግራ አይምጡብኝ እንጂ። የግራ ጆሮዬ በር ከተዘጋ ቆይቷል፤ ደውል እንኳ የለው» አለና ሳቀ።

«መቼ ነው የተዘጋው?»

«ማን ያስታውሳል። በጨዋታ ዘመኔ ነው።»

«እንዲያ ሆነህ ትጋጠም ነበር? ሐኪሙስ?»

«ጋሼ እያሉ ሐኪም ማን ይፈራል?» አለ ሰያፉ፣ እንደ ውለታ እያስታወሰው። «አብረው ይቆማሉ እኮ። እጃቸው ትከሻህ ላይ ካለ፣ አንተ ምን ታስባለህ? ሁሉን እሳቸው ያውቃሉ።»

ይህን ቃል ይዛ ገባች። የሚከብድ ነገር ሆነባት፤ የት እንደምታስቀምጠው ግን ገና አላወቀችም።

ውስጥ ልጇ ከአንድ ጎልማሳ ጋር የልምምድ ግጥሚያ ይዟል። ዙሩ ሲያልቅ ማዕዘኑ ላይ ተቀመጠ። አይመለሴ ፊቱን በእርጥብ ፎጣ ጠረገለት፣ ውኃ አጎነጨው፣ ከዚያም ሁለት ጣቱን አንሥቶ «ስንት ነው?» አለው። ልጁ «ሁለት» አለ። ሁለተኛው ዙር አለቀ፤ «ስንት ነው?» «ሁለት።» ሦስተኛውም አለቀ፤ ጥያቄውና መልሱ ያው ነበሩ። ቀጥሎ ሌላ ልጅ ገባ፤ እሱም ተመትቶ ተቀመጠ፣ እሱም ሁለት ጣት ታየው፣ እሱም «ሁለት» አለ። እናቲቱ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ግድግዳው ላይ ያሉትን ፎቶግራፎች ማየት ጀመረች። በእያንዳንዱ ውስጥ ቦክሰኛው ከፊት፣ ወንድሟ ከኋላ፣ እጁም ትከሻው ላይ ነበር።

ማታ ልጇ ገበታ ላይ እንዳጎነበሰ እጇን ሙሉ ዘርግታ በግራው በኩል አነሣች።

«ስንት ነው?»

«ሁለት» አለ፣ ጉርሻውን ሳያቋርጥ።

እጇን አላወረደችም። ልጁ ቀና አለ፤ አምስቱንም ጣቶቿን አየ፤ ፊቱ ጠቆረ።

«እየተጫወትሽብኝ ነው?»

«ተጫወቱብህ፤ እኔ ግን አይደለሁም።»

«እማዬ፣ ቅዳሜ ግጥሚያ አለኝ። ከቅዳሜ በኋላ የፈለግሽውን ጠይቂኝ።» ወንበሩን ገፍቶ ተነሣ። ሲወጣ መቃኑን በግራ ትከሻው መታው፤ ያልመታው መስሎ አለፈ።

በማግስቱ ወንድሟ ወደሚሠራበት ግምጃ ቤት ሄደች። አይመለሴ ከሽቦ መስኮቱ በስተኋላ፣ በተሰቀሉ ቀበቶዎችና በተደረደሩ ማጣሪያዎች መካከል ቆሞ ነበር። ሲያያት ፊቱ በራ፤ ወንበር አወጣላት፤ አልተቀመጠችም።

«እታለሜ፣ ምን እግር ጣለሽ?»

«ሁልጊዜ ሁለት የምታሳያቸው ለምንድነው?»

ጥያቄዋ ወዲያው ገባው። «ምንም አልገባኝም» ቢላት ኖሮ ምናልባት ታምነው ነበር። እሱ ግን አንድ ሸክም የተጋራችው ያህል ተነፈሰና በረጋ ድምፅ መለሰላት።

«እንዳይደናገሩ ነዋ። ዳኛው ማዕዘኑ ላይ ጎንበስ ብሎ ይሰማል። ልጁ ከተንተባተበ ግጥሚያውን ያቆምበታል። ተመትቶ የተቀመጠ ልጅ ቁጥር መቁጠር ይከብደዋል፤ እኔ አቀልለታለሁ።»

«ጥያቄው እኮ መቁጠር መቻሉን ለማወቅ ነው።»

«ለዳኛው ነው፤ ለኔ አይደለም። እኔ ልጆቼን አውቃለሁ።»

«የኔን ልጅ ግራ ዓይን ታውቃለህ?»

አይመለሴ ከመደርደሪያው ላይ አንድ ማጣሪያ አነሣ፣ አቧራውን በእጅጌው ጠረገው፣ መልሶ በቦታው አኖረው። «ትንሽ ደክሞታል። ቅዳሜን ይለፍ፤ ራሴ ይዤው እሄዳለሁ። አንቺ ክርሽን ያዢ፣ እኔ ልጁን ልያዝ።»

ከዚያ በፊት በነበሩት ሳምንታት ብዙ ነገር ጠርጥራበት ነበር። በውርርድ ይጠቀም ይሆን ብላ ለመንገድ አወራራጆች ሸሚዝ ከሚሰፋው ጎረቤቷ በዘዴ ጠይቃለች፤ ወንድሟ ለአንድም ቀን ተወራርዶ አያውቅም። ከአዘጋጆቹ የሚቀበለው ነገር ይኖር ይሆን ብላም አጣርታለች፤ ምንም አላገኘችም። አሁን ከሽቦው ማዶ የቆመውን ቅን ፊት ስታየው፣ ስታጣራ የቆየችው የተሳሳተ በር ላይ እንደነበር ገባት። ይህ ሰው ከልጇ የሚፈልገው ገንዘብ አልነበረም። ያኔ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የተኛው ጎረምሳ ከሐኪሙ ጠረጴዛ እንዲያልፍ ነበር የሚፈልገው፤ ሻንጣ አንግቶ ሲያልፍ፣ በየዓመቱ በሌላ ሰው ገላ፣ ደግሞ ሲያልፍ። ገንዘብ የሚፈልግ ሰው የሚጠግብበት ቀን ይመጣል፤ ለወንድሟ ግን እንዲህ ያለ ቀን አልተሠራለትም።

«አንተ ልጄን አትያዝ» አለችውና ወጣች።

የምርመራው ክፍል ከስፖርት አዳራሹ ጎን ያለች ጠባብ ክፍል ናት፦ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ሚዛን፣ ፊደሎቹ የደበዘዙ የዓይን መመርመሪያ ሰሌዳ። ሐኪሙ አሮጌና ትሑት ሰው ነው። አይመለሴን ከወጣትነቱ ጀምሮ ያውቀዋል፤ ልጆቹ ሲገቡ አስቀድሞ ማናጀሩን «እንዴት ናቸው?» ብሎ መጠየቅን ለምዷል። ልብስ ሰፊዋ ቁምጣውን ላደርስ ነው ብላ በበሩ ገባች፤ ከሁሉም ኋላ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። የቆመችበት ቦታ ሐኪሙ ሊቆምበት የማይችለው ቦታ ነበር፤ የልጇን ጀርባና የወንድሟን እጅ ታያለች።

ሐኪሙ የልጁን ቀኝ ዓይን በካርቶን ሸፈነና ሦስት ጣት አነሣ። ትከሻው ላይ ከነበሩት የአይመለሴ ጣቶች ሦስቱ ተራ በተራ ሸሚዙን ጫን ጫን አደረጉ።

«ሦስት» አለ ልጁ።

ሐኪሙ አንድ አነሣ። አንዲት ጣት ጨርቁን ጫነች። «አንድ።»

«ጎበዝ» አለ ሐኪሙ።

ሸሚዙን የሰፋችው እሷ ናት፤ አጥፋቱን አይታ መሳሳት አትችልም። ለአፍታ ያህል ግን ተሳስቼ በሆነ ብላ ተመኘች። ከዚያ በኋላ የተናገረችው በስፌት ቤቷ ደንበኛ «ክንድዎን ያንሡ» በምትልበት ድምፅ ነበር።

«እጅህን ከልጄ ትከሻ ላይ አንሣ።»

«እታለሜ፣ ሥራ ላይ ነን» አለ ወንድሟ ፈገግ ብሎ። ሰዎች ዞሩ። አንዱ፣ «እናት ናት፤ ፈርታ ነው» አለ።

«አልፈራሁም። እጅህን አንሣ አልኩህ።»

ሐኪሙ በመጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎ የልጁን ትከሻ ተመለከተ፤ ገጽታው ቀስ በቀስ ተለወጠ። «እስቲ ያንሡት» አለ። እጁ ተነሣ።  ሐኪሙ እጁን ወደ ላይ አወጣ።

«ስንት ነው?»

ልጁ ትከሻውን ወደ ኋላ፣ ወደ ተነሣው እጅ ገፋ። «ሁለት» አለ።

የሐኪሙ እጅ ጭብጥ ነበር። አንድም ጣት አላወጣም። ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና፣ ማንንም ሳያይ፣ «ይመለስ» አለ።

ሰፈሩ ይህን ይቅር አላላትም። ወንድሟን ባደባባይ አዋረደች፣ ልጇን ከዋንጫ ደጃፍ መለሰች ተባለ። ጸጉር አስተካካዩ በስፌት ቤቷ በር ሲያልፍ አስፋልቱን ማጥናት ጀመረ። ቀሚሳቸውን የሚያስጠብቡ ሴቶች ድንገት ሁሉም ወፈሩ መሰለኝ፣ ማስጠበብ ያለበት ሰው ጠፋ ብላ ለራሷ ቀለደች፤ የሚስቅላት ግን አልነበረም። ልጁ ልብሱን በሻንጣ ይዞ ጋራዡ ምንጣፍ ላይ ማደር ጀመረ። አይመለሴ አንድም ክፉ ቃል አልተናገራትም። «እናት ናት፤ አልፈርድባትም» እያለ ለጠየቀው ሁሉ ይመልሳል። ይህ ቸርነቱ ከስድብ የባሰ ሆነባት፤ የተበደለ ሰው እንዲህ ቶሎ ይቅር የሚለው የሚቀርለትን ነገር ቀድሞ አስልቶ እንደሆነ ጠረጠረች።

ልጁን ወደ ዓይን ሐኪም የወሰደውም እሱ ነው። ክርኑን ይዞ፣ ደረጃውን እያስጠነቀቀው፣ የሚያያቸው ሰው ሁሉ «አይ ሰው!» እስኪል ድረስ። እሷ ከሰያፉ ሰምታ ተከትላ ደረሰች፤ ማንም ውጪ አላላትም። ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች፤ መሣሪያዋን ወደ ጎን ገፍታ ጠየቀች።

«መቼ ነው የጀመረህ?»

«አሁን በቅርቡ ነው» አለ አይመለሴ። «ወር ቢሆነው ነው።»

ልጁ ዓይኑን ከእጆቹ ወደ ሐኪሟ አነሣ። 

«አምና ነው» አለ። «በግራ በኩል መጋረጃ ወረደብኝ። በዚያው ሰሞን ለጋሼ ነግሬያቸዋለሁ።»

«ምን አሉህ?»

«‹ይለምድሃል› አሉኝ።»

ሐኪሟ ብዕሯን አስቀመጠች። የግራው ዓይን እንደማይመለስ፣ አምና ቢመጣ ኖሮ ይመለስ እንደነበር፣ የቀኙም የውስጥ ሽፋን መላጥ መጀመሩን፣ በዚህ ሳምንት ካልታከመ ያው እንደሚሆን፣ ቦክስ የሚባለው ነገር ከዛሬ ጀምሮ እንዳበቃ ነገረቻቸው። ቀኙን ዛሬውኑ ታያለችና ሁለቱም ውጭ እንዲጠብቁ ጠየቀች። አይመለሴ አልተንቀሳቀሰም። ልጁ አንገቱን ሳያዞር፣ «ጋሼ፣ ውጭ ይጠብቁኝ» አለ። እናቱ ቃሉን በጥንቃቄ አዳመጠችው። «ይውጡ» አላለውም። እንዲጠብቀው ነበር የጠየቀው።

ኮሪደሩ ውስጥ ሁለት ወንበሮች ነበሩ። እሷ ለበሩ የቀረበውን ያዘች። ወንድሟ ማዶው ላይ ተቀምጦ እጆቹን በጉልበቶቹ መካከል አጣመረ።

«ያኔ እኔንም አንድ ሰው ዝም ብሎ ቢያሳልፈኝ ኖሮ» አለ፣ ወለሉን እያየ። «አንድ ዙር እንኳ።»

«ሞተህ ነበር።»

«ምናልባት።»

«ምናልባት የለም። ሞተህ ነበር፤ እኔም ካናቴራህን ይዤ እቀር ነበር።»

ሊመልስላት አፉን ከፈተ፤ የበሩ እጀታ ዞረ። ሁለቱም እኩል ተነሡ። ለበሩ የቀረበችው ግን እሷ ነበረች።